ለዝምታ የተያዘ በጀት

መስከረም 28

«ገንዘቡ አለ፤ ችግሩ ገንዘብ አይደለም» አሉ የበጀት ኃላፊያችን ዛሬ ጠዋት፣ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው በመዝገብ ቤቱ በር ሲያልፉ።

እታለም፣ ሰላምታ ሳላስቀድም በወሬ ስለጀመርኩ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰላምታው ከታች አለልሽ፤ ቢቆይ የሚበላሽ ነገር አይደለም። ባለፈው ደብዳቤሽ የጠየቅሽኝ አንድ ነገር ብቻ ስለነበረ መልሱን አዝዬ ማደር አልቻልኩም። አዎ፣ እውነት ነው፤ ዓለም አቀፉ የአካል ጉዳተኞች ስፖርት ውድድር በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት እዚህ እኛ ከተማ እንዲደረግ ታስቧል። አዎ፣ የአንቺ ጨዋታ የደወል ኳስም አለበት። ፋይሉ ከሦስት ሳምንት በፊት ሲገባ ቁጥር የሰጠሁት እኔው ራሴ ነኝ። የጎደለው መንግሥት «ወጪውን እችላለሁ» ብሎ የሚፈርምበት አንድ ገጽ የዋስትና ደብዳቤ ነው። እሱም እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ካልደረሳቸው ውድድሩን ለሌላ አገር ይሰጡታል።

አሁን ግን ሰውየው በገዛ አፋቸው ገንዘቡ አለ ብለዋል። እዚህ መሥሪያ ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ፣ ከበጀት ሰው አፍ «ገንዘብ አለ» የሚል ቃል ሲወጣ መስማቴ የመጀመሪያዬ ነው። ቀኑን ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር አክብቤበታለሁ።

ይህን የምጽፍልሽ በምሳ ሰዓት ነው። መውጊያው የብሬል ሰሌዳው ላይ ኳ ኳ ባለ ቁጥር ከጎን ያሉት የደመወዝ ክፍል ሰዎች ግድግዳውን በቡጢ ይመልሱልኛል። «ግንደ ቆርቁር» ካሉኝ ዓመታት አልፈዋል፤ አዲስ ገቢዎቹ የአባቴ ስም ይመስላቸዋል። አንቺ በስምንት ዓመትሽ አዳሪ ትምህርት ቤት ስትገቢ እማዬ «ደብዳቤዋን ሌላ ሰው ሊያነብላት ነው?» ብላ አለቀሰች፤ እኔ ይህን ነጥብ መውጋት ተማርኩ። እሷ ማልቀሱን ተወችው፣ እኔ መውጋቱን አልተውኩም።

እማዬ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች። እኔም እንዲሁ፤ የቀረው ሰላምታ ይኸው ነው።

ወንድምሽ

ጥቅምት 14

ወንድም ጋሼ፣ እንዴት ነህ? እማዬስ?

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሆስፒታሉ ስልክ ማዞሪያ ላይ ተረኛ ሆኜ ነው። በአንድ እጄ መስመር እያገናኘሁ በሌላው አነበብኩህ። «ገንዘቡ አለ» የሚለው ላይ ስደርስ ራጅ ክፍል የፈለገ ሰውዬ ከማዋለጃ ጋር አገናኘሁት። መልሶ ደውሎ «እንኳን ደስ ያለህ አሉኝ፤ እኔ እኮ የተሰበረ ጣት ነው ያለኝ» አለ።

ወሬውን በሆዴ መያዝ አልቻልኩም፤ እዚያው ቀን ለአሠልጣኛችን ነገርኩት። ልምምዱን ከሳምንት ሦስት ቀን ወደ አምስት አሳደገው። ደስታውን የሚገልጸው በዚህ ነው።

ቀደም ባለው ደብዳቤህ ስለ ዕድሜዬ የጠየቅከኝን ሌላ ሰው ቢጠይቀኝ ስልኩን ዘግቼበት ነበር። በውድድሩ ጊዜ ሠላሳ ዘጠኝ እሞላለሁ። የደወል ኳስ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። እሱን ለማስቆም ወለል ላይ በጎኔ ስወድቅ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። የግራ ትከሻዬ ከእኔ በፊት ነው ጡረታ የወጣው። ስለዚህ ይህ የመጨረሻዬ ነው። ውድድሩ ወደ ሌላ አገር ከሄደ ደግሞ የመጨረሻዬ አልፏል ማለት ነው፤ ለውጭ ጉዞ የሚመረጡት ትናንሾቹ ናቸው።

ስለ ሜዳሊያ ግን አይምሰልህ። ያኔ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ የሆነውን ታስታውሳለህ፤ ከዚያ ወዲህ ሁለታችንም አንስተነው አናውቅም። ተመልካች ዝም ማለት አለበት፤ ደወሉን ካልሰማን ኳሱ የለም። ኳሱ አገጬን ሲመታኝ እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ «ልጄን ገደላችኋት» ብላ ጮኸች። ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ አስወጣት። እኔ በዚያ ዕድሜዬ፣ በዚያ እፍረቴ፣ በሩ ላይ «ሁለተኛ እንዳትመጪ» አልኳት። እሷም ቃል በቃል ወሰደችው። አሥራ ስምንት ዓመት አልመጣችም። አኩርፋ እንዳይደለ አውቃለሁ፤ ታዛዥ ሆና ነው፤ ያ ነው የሚከፋው።

አሁን ነይ ብዬ የምጠራት ከቤታችሁ አሥር ደቂቃ ወደሚርቅ አዳራሽ ነው። አንድ ቀን ተቀምጣ እንድታየኝ እፈልጋለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።

ደግሞ «ደህና ናት» ካልክ በኋላ ወዲያው ወደ ሌላ ወሬ ስታልፍ ጣቴ ያውቅሃል።

እህትህ

ኅዳር 3

እታለም፣

በመሃል በላክሽልኝ አጭር ደብዳቤ የኃላፊውን ስም የጠየቅሽኝ ቡድኑ የምስጋና ካርድ ሊልክላቸው ከሆነ፣ ካርዱ ትንሽ ይታገስ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በኮሪደሩ የሰማሁት ስለ ውድድሩ አልነበረም። ስለ አማታቸው ጥርስ ነበር። አማታቸው ጥርስ ሊያስተክሉ ኖሯል፤ ገንዘቡ አለ፤ ችግሩ ሴትዮዋ ሐኪም ፊት አፋቸውን አልከፍትም ማለታቸው ነው። ይህን ያወቅሁት ኃላፊው አማታቸውን ሊያሳክሙ የወሰዱት የፈቃድ ወረቀት በእጄ ሲያልፍ ነው። ካሌንደሩ ላይ ያለውን ክብ በላጲስ ልፋቀው ብል ቀዳዳ ሆነ።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር፤ ሌላም አለ።

በእኛ ቤት ፋይል ተከልክሎ አይሞትም። በአረንጓዴ ቀለም «ይቆይ» ይጻፍበትና መደርደሪያው ግርጌ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ ዕድሜ ነው የሚጨርሰው። ኃላፊያችን ይህን ቃል ከማፍቀራቸው የተነሳ ከኋላቸው «ጋሽ ይቆይ» እንላቸዋለን፤ ከፊታቸው «ጌታዬ»። የአንቺም ፋይል «ይቆይ» ተብሎበት ወረደ። እኔ ደግሞ አላስችል አለኝና በየማለዳው ከግርጌ እያወጣሁ ወደ ጠረጴዛቸው ከሚሄደው ክምር አናት ላይ አስቀመጥኩት። ስድስት ቀን እንዲህ አደረግሁ። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። በሰባተኛው ቀን አስጠሩኝና ፋይሉን በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው «ይሄ ነገር እግር አለው እንዴ?» አሉኝ።

ለመዝገብ ሠራተኛ ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ፋይል በራሱ ከተራመደ ከኋላው ጥቅም ያለው ሰው አለ ማለት ነው። ስለዚህ እጁን ያስገባው ሰው እስኪጣራ ድረስ ፋይሉ ሳጥን ውስጥ ተቆለፈ። ግርጌ ቢተኛ ይሻለው ነበር፤ ግርጌ ያለ ነገር ቢያንስ ቁልፍ የለበትም።

አጣሪ ሆኜ የተመደብኩት እኔ ነኝ። እስካሁን ምንም ፍንጭ አላገኘሁም።

ለቡድኑ ምን ብለሽ እንደምትነግሪ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል። እማዬ ደህና ናት፤ ይህን ጉዳይ አልነገርኳትም።

ወንድምሽ

ኅዳር 21

ወንድም ጋሼ፣

ለቡድኑ አልነገርኩም። አሠልጣኛችን በቀደም «ፈረሙ?» ሲለኝ «መስመሩ ተይዟል» አልኩት። አሥራ ሦስት ዓመት ለሕዝብ የምለውን ነው ያልኩት፤ ሐሰትም አይደለም።

ይቅርታህን ተቀብያለሁ፤ እንዲያውም አስቀምጬልሃለሁ፣ ሌላ ጊዜ ሳጠፋ እመልስልሃለሁ። ሳቄን ግን አልደብቅህም። ስለ ጥርሱ ያለውን ጮክ ብዬ ሳነብ አጠገቤ ያለችው ተረኛ ወንበሯን ይዛ ወደቀች።

አሁን ስማኝ። ስልክ ማዞሪያ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ። አንዱ «ይጠብቁ» ሲሉት በሌላ ስልክ፣ በዘመድ፣ በበረኛ ዞሮ ይሞክራል፤ መስመሩን ሁሉ ያጨናንቅና እሱም አይገናኝም። ሌላው «እናቴ ታማብኛለች፣ ማንን ላናግር?» ይላል። ይህኛውን ሁልጊዜ ቀድሜ አገናኘዋለሁ፤ ደንቡ ባይፈቅድም። አንተ ዘመንህን ሁሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነህ። ልጅ ሆነን እንኳ ብስኩት ከመጠየቅ ይልቅ ቆርቆሮውን ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ስታስጠጋ ነው የኖርከው።

ሂድና ንገራቸው። «እኔ ነኝ፣ እህቴ ናት» በል። ከሥራ ቢያባርሩህ እኔ ጋ ና፤ በሆስፒታሉ መዝገብ ቤት ሰው ይፈልጋሉ፤ እዚህ ያሉት ፋይሎች እግራቸው የተሰበረ ነው።

እማዬን ደግሞ ንገራት። ለእሷ ያለኝን ነገር በአንተ አፍ ማስተላለፍ አሳፍሮኝ ስለነበር ነው እስካሁን ያላልኩህ። «ልጅሽ ነይ ትልሻለች» በላት። ውድድሩ ቢቀርም ይህኛው አይቅር።

እህትህ

ታኅሣሥ 28

እታለም፣

ፈርመዋል። ትናንት፣ ከቀትር በፊት። ይህን መጀመሪያ ልበልሽና ከዚያ ተነፍሰሽ ቀሪውን አንብቢ።

«እንዴት ብለህ ገባህ» ትዪኝ ይሆናል፤ በእግሬ ነው የገባሁት። ጋሽ ይቆይ ቀና ሳይሉ «ሰውዬው ተገኘ?» አሉኝ።

«ተገኝቷል ጌታዬ። እኔ ነኝ።»

ብዕራቸውን አስቀመጡ። እኔም አንቺ እንዳልሽኝ አደረግሁ፤ እህቴ ናት፣ ዓይነ ስውር ናት፣ የመጨረሻዋ ነው፣ እናታችን እሷ ስትጫወት ያየቻት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ያኔም በሩ ላይ ተጣልተዋል አልኳቸው። ተግሣጹን እየጠበቅሁ ነበር። እሳቸው ግን የያዛቸው ሌላ ነገር ነው።

«ተመልካቹ ዝም ነው የሚለው አልከኝ?»

«ትንፋሽ አይሰማም ጌታዬ።»

«አንዱ ሌላውን ምንም አይጠይቅም?»

«አይጠይቅም።»

ከዚያ፣ ትኬት እንደሚቆርጥ ሰው፣ «ወንበሩ ምቾት አለው?» አሉኝ። እታለም፣ እኚህ ሰው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሰው አጠገባቸው የሚቀመጠው ሊለምናቸው ብቻ ነው። አንጀቴን በሉት።

ፋይሉን ከሳጥኑ አወጡት። ከባዱ ነገር የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠቅላላው ገንዘብ እሳቸው በራሳቸው ሥልጣን ከሚፈርሙት ትንሽ ያልፋል። ካለፈ ለምክር ቤት ይመራል፤ ምክር ቤቱ የሚሰበሰበው የካቲት ነው፤ የካቲት ውድድሩ ሌላ አገር ነው። ስለዚህ አንድ ነገር መውጣት ነበረበት። ጣታቸውን ሁለት መስመሮች ላይ አሳረፉ። አንዱ የአዳራሹን ግድግዳ ድምፅ በማያሳልፍ ነገር መሸፈን ነው፤ አዳራሹ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጎን ስለሆነ። ሌላው ተመልካቾች ያለ ደረጃ ወደ መቀመጫቸው የሚወጡበት ተዳፋት መወጣጫ ነው። ዋጋቸው ለጥቂት ነው የማይተካከለው። «ጨዋታውን የምታውቀው አንተ ነህ። የቱ ይውጣ?» አሉኝ።

በሃያ ሁለት ዓመት አስተያየት ስጠየቅ የመጀመሪያዬ ስለሆነ ቆሜ ነው የመለስኩት። የመኪና ጥሩምባ እየገባ የደወል ኳስ አይሆንም፣ ዝምታው ከሌለ ጨዋታው የለም አልኳቸው። ለተጫዋቾቹ የሚሆነው መወጣጫ በሌላ መስመር ተይዟል፤ አልተነካም። ለአካል ጉዳተኞች ውድድር ተመልካቹን በደረጃ ማስወጣት ደስ እንደማይል ሁለታችንም ተነጋግረናል። ከዚያ «ተመልካቹን ረዳቶች ያግዙታል» አልኩ። በአረንጓዴ ሰረዙት፤ ጎኑ ላይ ምክንያቱን እንድጽፍ አዘዙኝ፤ ጻፍኩ፤ ፈረሙ።

ለእማዬ ነገርኳት። ሁለቱንም፣ ውድድሩንም መልእክትሽንም። ተነስታ ሣህን ታጥብ ጀመር፤ የታጠበውን ነው መልሳ ያጠበችው። ደህና ናት። ቅዝቃዜው ጉልበቷን ነካ አድርጓታል፤ ሲሞቅ ይለቃታል።

ወንድምሽ

ጥር 12

ወንድም ጋሼ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ በጣቴ አነበብኩት፤ «ፈርመዋል» የሚለው ላይ ነጥቦቹ ሊጠፉ ነው።

መወጣጫውን በማስቀረትህ አትጨነቅ። እኔም ብሆን ግድግዳውን ነበር የምመርጠው። ባለፈው ዓመት አንድ ሜዳ ላይ የአይስክሬም መኪና ሙዚቃ እያሰማ ሲያልፍ ስድስታችንም ወደ እሱ ዞረን ወድቀናል።

የምጫወተው በግራ ክንፍ ነው። እማዬን ከግቡ በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ አስቀምጣት። ወደዚያ ዞሬ አላያትም፤ ግን የት እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ። ዝም ማለት ከከበዳት እጇን ያዝላት።

ይኸው ነው። ደስ ሲለኝ ወሬ አያምርብኝም።

እህትህ

ነሐሴ 9

እታለም፣

ስለ እማዬ ልምምድ ለጠየቅሽኝ፣ የእናንተ አሠልጣኝ ቢያያት ይቀጥራታል።

ራሷ ናት የጀመረችው። በግንቦት አንድ ቀን «ና፣ ነገር ጣልብኝ» አለችኝ። ምን ልጣል ብላት የድስት ክዳን ሰጠችኝ። እሷ ወንበር ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች፤ እኔ ሳታስበው ክዳኑን ወለሉ ላይ እጥላለሁ፤ እሷ ዝም ማለት አለባት። የመጀመሪያው ቀን «ወይኔ ልጄ!» ብላ ዘለለች። «ልጅሽ እኮ እዚህ ነኝ» ብላት «አንተን ማን አለህ» አለችኝ። ሰኔ ላይ ትከሻዋ ብቻ ነው የሚነቃነቀው። አሁን ክዳን፣ ማንኪያ፣ መጽሐፍ፣ አንድ ጊዜም ሳላስበው ራሴ ወድቄያለሁ፤ ድምፅ የለም። እኔ ወለሉ ላይ ተዘርሬ ሳቃስት ዞር ብላ አላየችኝም። ሰዓቱ ሲያልቅ «ተጎዳህ እንዴ?» አለች። ጎረቤቶች ቤት ውስጥ የምንደባደብ መስሏቸው ሽማግሌ ሊልኩብን ነበር።

ከአሁን በፊት አርባ ደቂቃ ዝም ብላ የቆየችበትን ጊዜ አላስታውስም፤ ተኝታም ትናገራለች። አሁን ትችላለች። ስጠይቃት «ያኔ የጮህኩት እኮ ልጄ ስለሆነች ነው» አለችኝ። «አሁንስ?» ብላት፣ «አሁንም ልጄ ስለሆነች ነው።»

ጉልበቷ እንዳልተሻላት ማን እንደነገረሽ አላውቅም፤ የደበቅሁሽ እንዳያስጨንቅሽ ብዬ ነው። ሲሞቅ አልለቀቃትም። ሐኪሙ አይቶ ዕድሜ ነው አለ፤ ደረጃ አታብዢ፣ ሸክም አታንሺ አላት። ቤታችን ምድር ላይ በመሆኑ ምንም አልተቸገረችም፤ ገበያም እኔው ነኝ የምሄደው። አዳራሹም በመኪና አሥር ደቂቃ ነው። በዚህ በኩል ሐሳብ አይግባሽ፤ ሁሉንም አስቤበታለሁ።

ለቀኑ የሚሆን ሰማያዊ ቀሚስ አሰፍታለች። አንቺ እንደማታይው ነገርኳት። «ሌላው ሰው የእሷ እናት መሆኔን ያያል» አለችኝ።

ወንድምሽ

ኅዳር 4

ወንድም ጋሼ፣

በሰላም ገብቻለሁ። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ሲተኛ እኔ አልተኛሁም፤ እያንዳንዷን ነገር መልሼ እያዳመጥኩ ነበር።

አራተኛ ወጣን። ሌላ ሰው ቢሆን «ምነው ለትንሽ!» ይላል፤ እኔ አራተኛ የሚባል ነገር እንዲህ ጣፋጭ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ስለዚያ ግድግዳ ልንገርህ። ሃያ ዓመት ስጫወት እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም። መናኸሪያው ጎን መሆኑን ሰው ቢነግረኝ አላምንም ነበር። ኳሱ ከተቃራኒዎቹ እጅ ሲወጣ ጀምሮ የደወሉን መንገድ በጣት እንደሚነካ ክር ትከተለዋለህ። በዝምታው ውስጥ ደግሞ የሰው ብዛት ይሰማል። ከእነዚያ ሁሉ መሃል የእማዬን ዝምታ ለየሁት ብልህ ትስቃለህ። ከግቡ በስተግራ፣ ሦስተኛው ረድፍ፤ ሌላው ሰው ዝም ያለው ስለተከለከለ ነው፣ እሷ ግን በሙሉ አካሏ ዝም ብላ ነበር።

በሁለተኛው አጋማሽ ኳሱ አገጬን መታኝ፤ እዚያው ጠባሳው ላይ። ወድቄ ጠበቅሁ፤ ሕመሙን ሳይሆን ጩኸቱን። አልመጣም። እንደዚያ ተዘርግቼ ሳለሁ «ተቀምጣለች፣ እያየችኝ ነው፣ ይኸው ዝም ብላልኛለች» አልኩ። ተነስቼ ያገባሁት ጎል የእሷ ነው።

በኋላ በተጫዋቾች መውጫ በር አቅፋኝ «አየሁሽ» አለችኝ። ስለ ድሮው ምንም አላልንም፤ አላስፈለገም። ከእንግዲህ አልጫወትም፤ አልከፋኝምም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ። ሳቅፋት የአዲሱ ቀሚሷ ጀርባ ሙሉ በሙሉ አቧራ ነበር፤ እንደ ኖራ ያለ፣ በመዳፌ ተራግፏል። የተመልካቹ ወንበር መደገፊያ የለውም እንዴ?

እህትህ

ኅዳር 19

እታለም፣

ይህን ደብዳቤ ለመጀመር አራት ወረቀት አበላሽቻለሁ። እማዬ እንዳልነግርሽ አስምላኛለች፤ አንቺ ደግሞ ጠየቅሽኝ። ከእማዬ ጋር የሚያጣላኝን መርጫለሁ፤ እሷ ቅርብ ስለሆነች ቶሎ እንታረቃለን።

ወንበሩ መደገፊያ አለው። ጥሩ ወንበር ነው ይላሉ።

ሰዓቱ አንድ ሰዓት ተኩል ሲቀረው ደረስን። ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛ ነበር። በተመልካቾች በር ስንገባ ደረጃው ከፊታችን ነበር፤ ሃያ ስድስት ነው። እኔ ቆሜ አየሁት። አንድ ዓመት ሊሞላው ምን ቀረው፣ ጎኑ ላይ በእጄ የጻፍኩትን ምክንያት ቃል በቃል አስታወስኩት። ከዚያ ቀን እስከዚያች ሰዓት ድረስ፣ ተመልካች ሲባል እማዬ አልመጣችልኝም ነበር። ሐኪሙ ደረጃ አታብዢ ሲላትም፣ እኔ ቤታችን ደረጃ ስለሌለው ብቻ አመስግኜ አለፍኩ።

አራቱን ወጣች። አምስተኛው ላይ ጉልበቷ እምቢ አለ። ረዳቶቹ በወንበር የመጡትን ሰዎች ለአራት እየተሸከሙ ያወጡ ነበር፤ እሷንም ሊያነሷት መጡ። «ልጄን ላይ የመጣሁ ሴት ነኝ፤ እንደ ቁም ሣጥን አልወጣም» አለቻቸው። በተጫዋቾች በር ልወስዳት ሮጥኩ፤ አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን ወረቀት ጠየቁኝ። ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄድኩ ለምኜ ስመለስ ጨዋታው ሊጀመር ስለሆነ በሮቹ ሁሉ ተዘጉ።

ከደረጃው ሥር፣ ከአዳራሹ ውጭ ግድግዳው አጠገብ ተቀመጥን። መወጣጫው ሊሠራበት የነበረው ቦታ ስለሆነ ሳይቀባ ቀርቷል፤ አቧራው የዚያ ነው። እሷ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ የአንገት ልብሷን ጫፍ አጥፋ በጥርሷ ያዘች። እንደተለማመድነው እጆቿን ጭኗ ላይ አኖረች። እኔ ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት በጣቷ ዝም አሰኘችኝ። ሁለተኛ ጊዜ ሞከርኩ፤ ቆነጠጠችኝ።

ለእረፍት በሩ ሲከፈት ጋሽ ይቆይ ስልካቸውን ይዘው ወረዱ። ሦስተኛ ረድፍ ላይ ሁለት ባዶ ወንበር አጠገባቸው ነበር፤ ለእኛ የያዝኩት። አይተውን ቆሙ። ደረጃውን አዩ፣ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ስልኩን ኪሳቸው ከተቱት።

«የካቲትን መጠበቅ ነበረብን» አሉኝ ዝቅ ብለው።

«የካቲት ብንል እኮ ጨዋታው የለም ጌታዬ።»

ሊመልሱልኝ ሲሉ ደወል ተደውሎ በሮቹ ተዘጉ። እማዬ የአንገት ልብሷን ከጥርሷ አውጥታ፣ የአገሪቱን በጀት የሚፈርሙትን ሰው ቀና ብላ እያየች «ዝም ይበሉ እንጂ፣ ልጄ እየተጫወተች ነው» አለቻቸው፤ መልሳ ነከሰችው። እሳቸውም በዚያ ልብሳቸው አጠገቧ መሬት ላይ ተቀመጡ። ሦስታችንም እስከ መጨረሻው ምንም አልተናገርንም። እሳቸው በመጨረሻ ተነስተው ሱሪያቸውን ሳያራግፉ ሄዱ።

«አየሁሽ» ያለችሽን ውሸት ነው ብትይ አልከራከርሽም። እኔ ግን አጠገቧ ነበርኩ፤ ሙሉውን ጊዜ ዓይኗን ጨፍና ነበር፤ አንድ ነገር ስታይ ነበር።

አገጭሽን መመታትሽን የሰማነው ከደብዳቤሽ ነው። ሳነብላት ወንበሯን ያዘች፤ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ከዚያ «እንኳን ዝም አልኩ» አለች። ጎሉ ጋ ስደርስ እንደገና እንዳነብላት አደረገችኝ፤ እንደገናም «እንኳን ዝም አልኩ»። ከዚያ ወዲህ ለጎረቤት የምታወራው ይህንኑ ነው፤ ትንፍሽ ብትል ኖሮ ልጇ እንደምትደናገርና ጎሉ እንደሚቀር።

ግድግዳው ድምፅ አያሳልፍም። በነሐሴ ተፈትኖ፣ የርክክብ ወረቀቱን መዝገብ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ወንድምሽ